የካሴት ጭራ ላይ የቀረው ዘፋኝ

ሱቄን የዘጋሁት ሰልችቶኝ ነው እያልኩ ለሰው አወራለሁ። እውነቱን መተማ ዮሐንስ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሥራው ራሱ ጥሎኝ ሄደ። ካሴት ሲሞት ሲዲ ማባዛት ጀመርኩ። ሲዲ ሲሞት ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ያዝኩ። እሱም ሲቀር የስልክ መስታወት ወደ መቀየር ዞርኩ። ከዚያ ዓይኔ ደከመና ብሎኑ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ከጣቴ እያመለጠ መሬት ለመሬት ያስዳኸኝ ጀመር። ባለቤቴ አንድ ቀን ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ብታየኝ "አንተ ሰውየ፣ አይበቃህም?" አለችኝ። በቃኝ። ሱቁን ለልብስ ነጋዴ ለቅቄ ዕቃ ማውጣት ጀመርኩ።

ይህን የምጽፈው ያን ዕቃ ሳወጣ ባገኘሁት ነገር የተነሳ ነው። ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል ይባላል። እኔ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ያልደነገጥኩትን ድንጋጤ የደነገጥኩት ሥራ ባቆምኩ በሳምንቱ ነው። እስካሁንም አልለቀቀኝም። ስበላ ትዝ ይለኛል፣ ጉርሻዬን አስቀምጬ ግድግዳ አያለሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ሙዚቃ ቤት የተቀጠርኩት ጢሜን መላጨት በጀመርኩ ሰሞን ነው። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ሰሊጥ ነጋዴ ነበር። ዘፈን አይወድም፤ ሬዲዮ ሲከፈት እንኳ "ዝም አሰኙት" ይላል። ነገር ግን የጉልበት ሠራተኛው ሰሊጥ አጭዶ ሲወጣ ከሸሚዝ ቀጥሎ የሚገዛው ካሴት መሆኑን አይቶ ነበር። ስለዚህ መተማ አንድ ሱቅ ከፈተ፤ በአጨዳ ወቅት ደግሞ ጄኔሬተርና ሁለት ዴክ፣ ካሴት መቅጃና ማጫወቻ ማለት ነው፣ በትራክተር ጋሪ አስጭኖ አንዴ አብደራፊ፣ አንዴ አብርሃ ጅራ፣ አንዴ ሽንፋ ይልከናል። ስለ ደሞዛችን ባወራ ስለምታለቅሱ እንለፈው።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ መልኬ ይባላል። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲናገር ሁልጊዜ የተጣላ የሚመስል ሰው ነበር። ካሴት ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል። ሱቅ ውስጥ ለውዝ የበላ ሰው ካየ ያባርራል፤ የለውዝ ቅባት ከጣት ወደ ካሴቱ ክር ይሄዳል፣ ከክሩ ወደ ዴኩ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ክሩ የሚነካካቸውን ብረቶች አልኮል በነከረ ጥጥ ያጸዳል። ከዚያ አንድ የሚያውቀውን ዘፈን ይከፍትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰማል። ለምን ወደ ግድግዳ ትዞራለህ ስለው "የሰው ፊት ሳይ ጆሮዬ ይሰንፋል" አለኝ። ብረቱ በፀጉር ያህል ከዘመመ ያውቃል። "'ሰ' የሚለው ድምፅ ደክሟል" ይልና በትንሿ መፍቻ ነካ ያደርጋታል፤ በእውነትም ይጠራል።

የቆላ ሙቀት የካሴት ጠላት ነው። በሚያዝያ ክሩን ከብረቱ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ሱፍ ማጣበቂያው ይቀልጥና ይወድቃል። ጋሽ መልኬ ከአሮጌ ካፖርቱ ጫፍ እየቆረጠ ይለጥፍለት ነበር፤ ካፖርቱ በሦስተኛው ዓመት ጃኬት ሆነ። ካሴቶቹን የሚያስቀምጠው የውኃው ዚር አጠገብ ነው። ዚር ማለት ከሱዳን የሚመጣው ትልቁ የሸክላ ውኃ ማቀዝቀዣ ነው። እኛ ውኃ ስንቀዳ አንዲት ጠብታ ብትፈናጠቅ ግን ወዮልን።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የሰሊጥ ሠራተኛ ካሴት ሲገዛ ዘፋኙን ብቻ አይጠይቅም። "ሙሉ ነው?" ይላል። ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ፣ እስክሪብቶ ካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶ ክሩን እስከ ጫፍ ያዞርና መጨረሻው ላይ ይሰማል። ባዶ ሹክታ ከሰማ "አታለልኸኝ" ብሎ ይጣላል፤ ድንጋይ ያነሳብንም አለ። ስለዚህ ዘፋኙ ካለቀ በኋላ የሚተርፈውን ክር ባልተሸጡ ካሴቶች ዘፈን እንሞላዋለን። የካሴት ጭራ መሙላት እንለዋለን። ጭራ ላይ ያለ ዘፋኝ ስሙ አይጻፍም፤ ማንም አይጠይቅም።

ያልተሸጡ ካሴቶችን ባለቤቱ ከጎንደር በጆንያ ያመጣልን ነበር። ሌላ ዘፈን ልንቀዳባቸው ነው የሚገዛቸው፣ ባዶ ካሴት ከመግዛት ስለሚረክስ። አንድ ጊዜ የመጣልን ጆንያ ከሞላ ጎደል በአንዲት ሴት ካሴት የተሞላ ነበር። ስሟ ትጓደድ፣ ካሴቱ "የቆላ ዝናብ"። ሽፋኑ ላይ ፀጉሯን አበጥራ ያቆመች ወጣት አለች፤ ከሥሯ "ሶል" ተብሎ ተጽፏል። ሶል ምን እንደሆነ በዚያን ጊዜ መተማ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ጥቁር አሜሪካኖች በኦርጋንና በሳክስፎን የሚዘፍኑት፣ ከሆድ የሚወጣ ዜማ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ጎንደር ሆቴል የሚጫወቱ ልጆች አጅበዋት የቀዳችው ኖሯል። እስክስታ የለው፣ ጭብጨባ የለው፤ ማን ይግዛው! እኔ አንዱንም አላዳመጥኩም። ሽፋኑን ገንጥዬ እጥላለሁ፣ እንደገና እንዲቀዳበት የካሴቱን ቀዳዳ በፕላስተር እሸፍናለሁ፣ ለጋሽ መልኬ አቀብላለሁ።

በዚያ ዓመት አብደራፊ ወረድን። ሥራው የተቀጣጠለ ነበር። ባለቤቱ በአንዱ ጄኔሬተር የሰሊጥ መጋዘኑንም መብራት ያበራ ስለነበር አምፖሉ እንዳይደክምበት መካኒኩን "ክፈተው!" እያለ ሞተሩን ያስጮኸዋል። ለእኛ ለውጥ አልነበረውም። ሁለቱም ዴኮቻችን ጄኔሬተሩ ላይ ስለሆኑ ሲፈጥን አብረው ይፈጥናሉ፣ ሲዘገይ አብረው ይዘገያሉ፤ የሚቀዳው ዘፈን ልኩን አይለቅም። በመሐል የአንዱ ዴክ ቀበቶ በሙቀት ላልቶ ወጣ። ጋሽ መልኬ ደግሞ ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ነበር። ጭራው አልተሞላም፣ ገዢው በሣር ዳሱ፣ በራኩባው ጥላ ሥር ተሰልፏል። ጋሽ መልኬ ብርድ ልብስ እንደተከናነበ "ያችን ትንሿን አምጣ" አለኝ። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ቴፕ ነበረችን። ከጆንያው አንድ ሽፋን የሌለው ካሴት አወጣ፣ ትንሿ ውስጥ ከተተ፣ በገመድ ከደህናው ዴክ አገናኝቶ ጭራውን ሞላ። እኔ ገመዱ እንዳይነቀል በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። የላላው ቀበቶ ሲተካ ከዚያች ካሴት ሌሎቹን አባዛን።

በሳምንቱ ገዢዎች ተመልሰው መጡ። ዋናውን ዘፋኝ ትተው "ጭራው ላይ ያለው ማነው?" ይሉናል። አራት ዘፈን ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ከባድ፣ እየጎተተ የሚሄድ፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ ሲያጭድ የዋለ ሰው እንደሚራመደው ዓይነት። ስሙን ስላላወቅን "ጎርናናው" አልነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከመተማ እስከ አርማጭሆ ቆላ ጎርናናውን የማይሰማ ትራክተር አልነበረም። ሌሎች ሱቆች ከእኛ ገልብጠው ሸጡት። የወሎ ልጆች የደሴ ሹፌር ነው ይላሉ። የጎጃሞቹ ወታደር ነበር፣ ሞቷል ይላሉ። ሱዳን ገዳሪፍ እስር ቤት አየሁት ያለም ነበር። ዘፈኖቹ ለዝናብና ለመንገድ እንጂ ለወዳጅ ስላልተዘፈኑ የማን እንደሆኑ ከቃሉ መለየት አይቻልም።

አንድ ቀን መተማ ሱቃችን ሆዷ የገፋ ሴት ገባች። ነጠላዋ በላብ አንገቷ ላይ ተለጥፏል። በር ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ጎርናናውን እያጫወተ ነበር። ቆማ ስትሰማ ቆየችና "ይሄኮ የኔ ድምፅ ነው" አለች።

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ መልኬ አልሳቀም። እጁን ጠርጎ "ምን አልሽ እህቴ?" አላት።

"እኔ ነኝ የዘፈንሁት። አወፍራችሁት ነው እንጂ እኔ ነኝ። ምን እንዳደረጋችሁት አላውቅም።"

ጋሽ መልኬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አንዱን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማ። ሰውም ሳቁን አቆመ፤ ጆሮውን ሁሉም ያውቃል። ሲጨርስ ዞር ብሎ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘኔታ፣ "እህቴ፣ ይሄ የወንድ ጉሮሮ ነው" አላት።

"የኔ ነው!"

"እንግዲያው ካሴትሽን አምጪና ላወዳድረው።"

"አንድ ነበረኝ፤ ሹፌር ተዋሰኝና ይዞት ሱዳን ገባ። ጎንደር ብጠይቅ የተረፈውን በጆንያ ወደ ቆላ ሸጥነው አሉኝ።"

"ወደ ቆላ" ስትል እኛ ጋ እንደሆነ ለአፍታ እንኳ አልመጣልንም። ስሟንም አልጠየቅናት። ብንጠይቃትም ያ ጆንያ በዚያን ጊዜ የሱዳን ዘፈንና የቀረርቶ ካሴት ሆኖ አልቋል። ሴትየዋ ቃል በቃል ግጥሙን መናገር ጀመረች፤ ጭራው ላይ ያልነበሩ ስንኞችን ሁሉ ጨመረች። አንዱ ከወደ በሩ "እንዲህ የምታውቂውስ ትራስ ላይ ቢነግርሽ ነው!" አለ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሴትየዋ ወጥታ ሄደች።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤቷ ደረሰ። ባሏ አቶ አያናው የእርሻ ተቆጣጣሪ ነበር፤ ወቅቱን ሙሉ በረሃ ነው የሚውለው። ሚስቱ ስሙ የማይታወቅ ዘፋኝ ግጥም እስከ ጓዳው ታውቃለች መባሉን ሲሰማ ሆዷን አየ። የማን ነው አለ። የሰጠችው መልስ አንድ ነው፤ "ዘፋኙ እኔ ነኝ።" መልሷን እንደ ፌዝ ቆጠረው። ልጁ ሳይወለድ ፈትቷት ገንዳ ውኃ ከተማ ገባ። ከዚያ በኋላ በአገሩ ስሟ "የጎርናናው ሚስት" ሆነ። እኔም ስጠራት እንዲሁ ነበር።

ልጁ ሲሳይ ይባላል። ትራክተር ነጂ ነው፤ ከአፉ ክፉ የማይወጣ፣ ዝምተኛ ሰው። ሱቄን ራሴ ከከፈትኩ በኋላ በየዓመቱ ከአጨዳ በፊት ይመጣ ነበር። የጎርናናውን ካሴት አቧራ በልቶት ያመጣና ጠረጴዛው ላይ በሁለት እጁ ያስቀምጣል። "ጋሼ፣ አባቴን ያድሱልኝ" ይለኛል። አልሳቅሁም፣ ማንም አይስቅም። አዲስ ካሴት ላይ እገለብጥለታለሁ። ሲዲ ሲመጣ በሲዲ፣ ሚሞሪ ሲመጣ በሚሞሪ አባቱን ጫንኩለት። ገዳሪፍ ድረስ ሄዶ ሰው ጠይቋል። ወሎ ሄዷል። እናቱን "ስሙን ብቻ ንገሪኝ" ብሎ ስንት ጊዜ ለምኗታል። እሷ ያንኑ ትመልሳለች። መጨረሻ ላይ ቤቷ መግባት ተወ። በየወሩ ጤፍና ዘይት በሰው ይልክላታል፤ እሷ ሽንፋ ምግብ ቤት ይዛ ትኖራለች፣ እሱ ደጇ ድረስ ደርሶ አይቀመጥም።

ጋሽ መልኬ ካረፈ ቆይቷል። ሲሞት ዴኩን ለእኔ ተወልኝ። ይህ ዴክ ጥንት አንድ እግሩ ተሰብሮ ነበር፤ ጋሽ መልኬ የሆነ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ በፕላስተር ለጥፎበት አስተካክሎታል። ዴክ ከዘመመ ክሩ ይላጫል። "ይችን እንዳትነካት" ብሎ አስጠንቅቆኝ ስለነበር አቧራ ስጠርግ እንኳ ዙሪያዋን ነው የምጠርገው።

እና ዕቃ ሳወጣ ዴኩን አነሳሁ። የደረቀው ፕላስተር ለቀቀና ከሥሩ፣ ከጨርቁ ውስጥ፣ ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ካሴት ወጣ። ሽፋኑ ከመጥቆሩ በቀር ምንም አልሆነም። የፀጉሯ አበጣጠር ይታያል። "የቆላ ዝናብ" ይላል። ሙሉው ጆንያ ሲጠፋ አንዷ ለዴክ እግር ተመርጣ ተርፋለች ማለት ነው። ሳቄ መጣ። እስቲ ይህችስ ምን ብላ ዘፍና ነበር ብዬ ከፈትኳት።

ኦርጋኑ ጀመረ። ሳክስፎኑ ገባ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከወንበሬ ተነሳሁ።

የጎርናናው ዘፈን ነው። በሴት ድምፅ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን መሰላችሁ? "ይህች ሌባ፣ የጎርናናውን ዘፈን ሰርቃ ዘፍናለች!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ የልብስ ነጋዴው ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ሦስተኛው ዘፈን መጣ። ጎርናናው ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ ከሳክስፎኑ ቀጥሎ፣ ከበሮ መቺው ዱላው ከእጁ አምልጦ ሲወድቅ ይሰማል። ይህን የማያውቅ የሰሊጥ ሠራተኛ የለም፤ ዱላው ሲወድቅ ሁሉም አብሮ "እሰይ!" ይላል። ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅኩ። ዱላው ወደቀ። በዚያው ቦታ። ሰው ዘፈን ይሰርቃል፤ የሚወድቅ ዱላ ግን አይሰርቅም። ይህ ያው ቅጂ ነው።

የዴኩን ክዳን ፈታሁ። ቀበቶው የሚያዞረው፣ ክሩን የሚጎትት መንኮራኩር አለ፤ እሱ ላይ አውራ ጣቴን ቀስ አድርጌ አሳረፍኩ። መንኮራኩሩ ዘገየ። ሴቲቱ ወፈረች። ትንሽ ጫን አልኩ። ጎርናናው ሆነች። ጣቴን ሳነሳ ሴት፣ ስጫን ወንድ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋገምኩት።

የዚያን ጊዜ አብደራፊ ቁልጭ ብሎ መጣልኝ። ለመጋዘኑ መብራት ሲባል የሚጮኸው ጄኔሬተር፣ በባትሪ ድንጋይ የምትዞረው ትንሿ ቴፕ። ትንሿ ጄኔሬተሩ ላይ ስላልነበረች በልኳ ዞረች፤ የሚቀዳው ዴክ ግን ከጄኔሬተሩ ጋር ፈጠነ። ፈጥኖ የተቀዳ ካሴት በልኩ ሲጫወት ይዘገያል። የዘገየ ድምፅ ይወፍራል። ይኸው ነው። ጎርናናው የሚባል ሰው የለም። በዚህ ቆላ ያን ሁሉ ዓመት የተዘፈነለት፣ የተፈለገው፣ አባት የተባለው ሰው አንድ ክፍት የተለቀቀ ጄኔሬተር ነው።

ጋሽ መልኬን ስንት ዓመት እንደ አባት አከበርኩት። ብረት በፀጉር ያህል ሲዘም የሚሰማ ሰው! ጭራውን የሞላው እሱ፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ሰምቶ "የወንድ ጉሮሮ ነው" ያለው እሱ። ዋሽቶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አልዋሸም። ከልቡ ሰምቶ፣ ከልቡ ፈርዶ ነው የተሳሳተው። ማስረጃዋ ደግሞ ክርኑን ያስደገፈበት ዴክ ሥር ነበረች። ይህን ሳስብ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። የልብስ ነጋዴው ውኃ አመጣልኝ፣ ወባ መስሎታል።

ሲሳይ በዚህ ክረምት እርሻ የሚያርሰው ሽንፋ አካባቢ መሆኑን አውቅ ነበር። እሑድ ጠዋት ዴኩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ካሴቷን በደረት ኪሴ ይዤ ተሳፈርኩ። ሲሳይን ከእርሻው መንገድ ላይ አገኘሁትና "እናትህ ቤት እንሂድ" አልኩት።

"ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። አባትህን አግኝቼዋለሁ።"

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ፊቱ ተለዋወጠ፤ የያዘውን መፍቻ ትራክተሩ ላይ አስቀምጦ ተከተለኝ። መንገዱን ሁሉ እንዴት አድርጌ እንደምመልሰው ስጨነቅ ሄድኩ።

የሲሳይ እናት ትጓደድ ምግብ ቤቷ ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር። ጠይም፣ ወፍራም፣ ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ። ልጇን በሩ ላይ ስታይ ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። እኔን አላወቀችኝም።

"እታለም፣ መተማ ሙዚቃ ቤት ነበርሁ" አልኳት። "የመጡ ዕለት ገመድ ስጠቀልል የነበርሁት ልጅ እኔ ነኝ።"

"አወቅሁህ" አለች። "ስቀሃል ያን ጊዜ።"

ካሴቷን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አየችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ግን አልነካችውም። "የት ነበር?" አለች። ነገርኳት፣ ዴክ እግር ሥር። ሣቀች፤ ሣቋ ወዲያው ሌላ ነገር ሆኖ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከፈትኩት። ወጣቷ ሴት ቤቱን ሞላችው። ሲሳይ በሩ ላይ ቆሟል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንገቱን ቀና አደረገ። "ይሄ... የአባቴን ዘፈን ማናት የምትዘፍነው?" አለ።

ዱላው እስኪወድቅ ጠበቅኩ። ሲወድቅ ፊቱን አየሁት። ከዚያ ጣቴን መንኮራኩሩ ላይ አሳረፍኩና ጎርናናው ወጣ። ጣቴን አነሳሁ፤ ሴቲቱ ተመለሰች። ስለ ጄኔሬተሩ፣ ስለ ትንሿ ቴፕ፣ ስለ ጋሽ መልኬ ወባ አስረዳሁት። ሞተር የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ሁለተኛ መናገር አላስፈለገኝም። ገና እየተናገርኩ ሳለ ነው የገባው፤ በሩን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተና ደፉ ላይ ተቀመጠ።

"ስለዚህ ሰውየው የለም" አለ።

"የለም ልጄ።"

"እኔስ የማን ነኝ?"

ትጓደድ ናት የመለሰችው። "የአያናው ነህ። ሁልጊዜም የአያናው ነህ። ሺህ ጊዜ ነግሬሃለሁ ልጄ፣ ዘፋኙ እኔ ነኝ ስልህ አባትህ እሱ ነው ማለቴ ነበር።"

ውጭ ዶሮ ይጫራል፣ ድስቱ ይንተከተካል፣ ዴኩ ያለ ሰሚ ይዘፍናል። ከዚያ ሲሳይ ማንንም ሳያይ፣ "አባባ አያናው ሲሞት መርዶ ነጋሪ ልከውልኝ ነበር" አለ። "አባቴ አይደለም ብየ መለስሁት። በቀብሩ ሰዓት ትራክተር ላይ ነበርሁ። ይችኑ ከፍቼ።"

ካሴቷ ያለቀች መስሎኝ ለማቆም እጄን ዘረጋሁ።

"ጋሼ" አለ ሲሳይ። "በወፍራሙ አንዴ ያሰሙኝ።"

"ለምን ልጄ?"

"ልሰናበተው።"

ትጓደድን አየኋት። ራሷን ነቅንቃ "አሰማው" አለችኝ። ወደ መጀመሪያው ዘፈን መልሼ ጣቴን መንኮራኩሩ ላይ ጫንኩ። ጎርናናው ከባድ እግሩን እየጎተተ ገባ። ሲሳይ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እጁን እንደ መሪ ጨብጧል።

ሁለተኛው ስንኝ ሲደርስ ሌላ ድምፅ ተጨመረ። ዴኩ የተበላሸ መሰለኝ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አልተበላሸም። ትጓደድ ናት። እኛ ከሱቅ ካስወጣናት ቀን ጀምሮ ዘፍና የማታውቅ ሴት፣ ድንቿን ጭኗ ላይ እንደያዘች፣ ግድግዳውን እያየች ትዘፍናለች። እርጅና ድምጿን አውርዶታል። ጄኔሬተሩ ያን ጊዜ ያወረደበት ቦታ ድረስ አውርዶታል። ሁለቱ ድምፆች ተጋጥመው አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ሁሉም ጎርናናው ነው።

ከድንጋጤዬ ጣቴን አነሳሁ። ዴኩ ቀጥኖ፣ ወጣቷን ይዞ ፈትለክ አለ። ቶሎ አጠፋሁት። ወፍራሙ ድምፅ ግን አልጠፋም፤ ዴኩ ጠፍቶም ቤቱ ውስጥ ቀጠለ።

ሲሳይ ዓይኑን ገለጠ። የቆመውን ዴክ አየ፣ እናቱን አየ። ከደፉ ተነስቶ ገባና እግሯ ሥር ተቀመጠ።